ፎቶግራፍ ማንሻ ሲገዛ ትከሻም ይማከር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤



ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳብ በተከበረው ጋዜጣዎ የአንባቢዎች ደብዳቤ አምድ ላይ ቦታ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩ ስለ ፎቶግራፍ ማንሻ ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ስለ ካሜራ ማውራት ምን ይባላል?» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን እኔም ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ገንዘብ በማሰብ ነው። ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ወይም እቁብ ደርሶት ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሊደግሙት እንደተዘጋጁ ከሚጠይቁኝ ጥያቄ እረዳለሁ። የሚጠይቁኝ «የትኛው ይተልቃል? ብዙ ሌንስ የሚቀበለውስ የትኛው ነው?» እያሉ ነው። «የትኛውን ሳይታክተኝ ይዤ ልዞር እችላለሁ?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ብቻ ናት። ለእርሷ በቃል የሰጠኋትን መልስ ለሌሎችም እንዲደርስ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2008 ዓ.ም. እቁብ ደረሰኝ። በአሜሪካ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜም የጎደለውን ጨምሮልኝ፥ ሌንሱ የሚነቀልና የሚተከል ትልቅ ካሜራ ከሦስት ሌንሶች፥ ከፍላሽና ከባለሦስት እግር መቆሚያ ጋራ ገዛሁ። ሁሉም የሚሸከፍበት ጥቁር ቦርሳም ነበረው። ቢሮ ይዤው በገባሁ ጊዜ አንድ ተጫዋች ባልደረባችን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወስዶ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ስድስት ኪሎ ከጥቂት ግራም ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ተለውጦ «አቶ ስድስት ኪሎ» ተባልሁ። መሥሪያ ቤታችን አራት ኪሎ ስለሆነም «ስድስት ኪሎን ተሸክሞ አራት ኪሎ የሚገባ ሰው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቦርሳዬን ሳልይዝ የትም አልሄድም ነበር። ለጥምቀት ጃን ሜዳ፥ ለሠርግ፥ ለክርስትና ይዤው ወጣሁ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በታክሲ ሰልፍ ላይ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ፥ ግብዣ ቤት የማስቀምጥበት ሳጣ፥ ሌንስ እስክቀይር ሕፃኑ ሣቁን ሲጨርስ፥ «ለዛሬ ይቅር» ማለት ጀመርሁ። «ለዛሬ ይቅር» ሲደጋገም ካሜራው ከቁም ሣጥን ራስ ላይ ነዋሪ ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አባቴን ለመጠየቅ ወደ መንዝ ሄድሁ። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ስለሆነ፥ ለቤተ ዘመድ ቡናና ስኳርም ስለያዝሁ፥ ቦርሳውን ትቼው ወጣሁ። የእጅ ስልኬ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በመንገድ ስነካካው ውዬ ባትሪው አለቀ፤ በዚያም መንደር መብራት አልነበረም። አባቴን ያገኘኋቸው ከአውድማ ላይ ነው። ባናቸውን ተከናንበው፥ መንሻቸውን ይዘው ገብስ ያበራዩ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ያ የምታወራለት ማንሻህ የታለ? በል ዛሬ ከበሬዎቼ ጋራ አንሣኝ» አሉኝ። «ለሚመጣው ዓመት ይዤው እመጣለሁ» አልኋቸው። «እሺ፥ ዓመት ያድርሰን» አሉ። አላደረሰንም፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዐረፉ።

ለአርባቸው መታሰቢያ ፎቶግራፍ ብንፈልግ ከመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ካለችው ጉርድ ሥዕል በቀር ምንም አላገኘንም። እርሷን አስተልቀን በመስተዋት አደረግናት። የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ክብ ከግራ ትከሻቸው ላይ ዐርፎ ይታያል። እናቴ ዛሬም ከግድግዳ ሰቅለው የሚያዩት ይህችኑ ነው። ስድስት ኪሎው ዕቃ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ከቁም ሣጥኔ ራስ ላይ በምቾት ተቀምጦ ነበር። ካሜራው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ፥ እኔ ልይዘው የማልችለውን ነገር «ትልቅ ነውና ይበልጣል» ብዬ መግዛቴ ነው።

ይህ የሸክም ነገር በእኔ የተጀመረ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በሚሠሩበት ጊዜ የሙያው መሣሪያ የእንጨት ሳጥን፥ ከባድ መቆሚያና የመስተዋት ሰሌዳ ነበር። በጀርመን አገርም ኦስካር ባርናክ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው በቬትስላር ከተማ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ሲሠራ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ነበር፤ ነገር ግን የአስም በሽታ ስለነበረበት ያንን የሰሌዳ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልቻለም። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም ተጠቅሞ፥ የአንዱ ሥዕል ልክ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ይህም የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ነው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት «ላይካ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። በትልልቅ ሰሌዳ ለለመደ ባለሙያ ይህ በእጅ የሚያዝ ነገር እንደ መጫወቻ ሳይታየው አልቀረም። ዛሬ ግን ያ ትንሽ ልክ የትልልቆቹ ካሜራዎች መለኪያ ሆኖ «ሙሉ ልክ» ተብሎ ይጠራል። ከዚህ የምንማረው፥ ትልቅና ትንሽ የሚባለው እንደ ዘመኑ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉን በአንድ የያዘ ካሜራ የምለው ሌንሱ ከአካሉ ጋራ ተጣብቆ የተሠራውን፥ የማይነቀለውንና የማይቀየረውን ነው። ሰፊ ቦታ ሲፈለግ ያሰፋል፥ ሩቅ ያለውን ሲፈልጉ ያቀርባል። እንዲህ ያለውን ካሜራ ለመምረጥ ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ እነዚህም የብርሃን መቀበያው ልክ፥ የሌንሱ ርዝመትና የሌንሱ ብርሃን የማስገባት ኃይል ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ብርሃን መቀበያው። በቀድሞው ዘመን በፊልም ላይ ያርፍ የነበረው ብርሃን ዛሬ የሚያርፈው ሴንሰር በሚባል ቁራጭ ላይ ነው። ገበሬ ዝናብ በሰፋፊ ጋን እንደሚያጠራቅም፥ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ያጠራቅማል። ሙሉ ልክ የተባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ቀጥሎ በብዙዎቹ ባለሚነቀል ሌንስ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው 23.5 በ15.6 ገደማ ነው። «አንድ ኢንች» የተባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። በማስመሪያ ቢለካ አንድ ኢንች አይሞላም፤ ስሙ የመጣው በጥንቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ውስጥ ከነበረው የመስተዋት ቧንቧ አለካክ ነው። በርካሾቹ ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ግን 6.2 በ4.6 ገደማ ብቻ ስለሆነ፥ ባለ አንድ ኢንቹ በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ለእኔ ቢጤ ሰው ሚዛኑ የሚገኘው በዚህ በአንድ ኢንቹ ላይ ነው።

2ኛ፤ ስለ ሌንሱ ርዝመት። በሳጥኑ ላይ «24 እስከ 600» ወይም «25 እስከ 400» ተብሎ ይጻፋል። ትንሹ ቁጥር ስፋትን፥ ትልቁ ቁጥር ማቅረብን ያመለክታል። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ሕንፃውን በሙሉ ለማንሣት 24 ያስፈልጋል። በሰሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ከሰው ስለማይሸሽ 100 ሊበቃ ይችላል፤ ከገደል አፋፍ የቆመውን ዋልያ ለማቅረብ ግን 400ም ይወደዳል። በትልቁ ካሜራ 600 የሚደርስ ብርሃናማ ሌንስ ብቻውን ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። በአንድ ኢንቹ ግን ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 220 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ የ600ን ያህል ያቀርባል፤ ቀላል የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሻጩ «ዲጂታል ዙም» ብሎ በሚቆጥርልዎ ቁጥር ግን አይታለሉ። እርሱ ሥዕሉን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ነው፤ ቤት ገብተው በመቀስም ሊያደርጉት ይችላሉ።

3ኛ፤ ስለ ብርሃን ማስገባት። በሌንሱ አፍ ላይ «ኤፍ 2.8»፥ «ኤፍ 5.6» የሚል ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከኤፍ 5.6 ይልቅ ኤፍ 2.8 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ለካሜራው አካል ስለሚያልቅበት አብሮ የሚሸጠውን ርካሽ ሌንስ ይዞ ይቀራል፤ ያም ሌንስ ሲያቀርብ ኤፍ 5.6 ይሆናል። ለምሳሌ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ አርኤክስ 10 ከ24 እስከ 200 ድረስ ኤፍ 2.8ን ሳይለቅ ይዘልቃል። የመካከለኛው ካሜራ ሴንሰር ከዚህኛው ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ሌንሱ ግን የሚያስገባው ብርሃን አንድ አራተኛ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ሲደመር ትልቁ ካሜራ ከርካሽ ሌንሱ ጋራ ሩቅ ያለውን ሲያነሣ ከትንሹ አይበልጥም ማለት ነው። ትልቁ ካሜራ ብልጫውን የሚያሳየው ጥሩና ውድ ሌንስ የተገዛለት እንደሆነ ነው፤ ያም ሌንስ ከ70 እስከ 200 የሆነው ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል።

ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሜጋፒክስል ነው። ይህ ግን ሊያሳስብ አይገባም። ሠላሳ በሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ሥዕል ለማተም ስምንት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነጥብ ይበቃል፤ ባለ አንድ ኢንቾቹ ሃያ ሚሊዮን ያህል አላቸው።

ምርጫውን በሦስት ልክፈለው። ከኮት ኪስ የሚገባ ለሚፈልግ፥ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሶኒ አርኤክስ 100 ዓይነት አለ፤ የመጀመሪያው 240 ግራም ብቻ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ስድስተኛው ደግሞ 300 ግራም ገደማ ሆኖ እስከ 200 ያቀርባል። ሁሉን በመጠኑ ለሚፈልግና በትከሻ ማንጠልጠል ለማይከብደው፥ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 1000 ከ25 እስከ 400 ይደርሳል፤ ክብደቱም 831 ግራም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ አርኤክስ 10 አራተኛው እስከ 600 ይደርሳል፥ ነገር ግን አንድ ኪሎ ያልፋል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ወፍ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው እንደ ኒኮን ፒ 900 ያለ እስከ 2000 የሚያቀርብ አለ፤ ሴንሰሩ ግን ያ ትንሹ ስለሆነ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ብዙ አይታመንም። እነዚህን ስሞች የጠራሁት ለምሳሌ እንጂ ለመሸጥ አይደለም። ስልክ የብዙዎቹን ትንንሽ ካሜራዎች ገበያ ስለወሰደባቸው ብዙዎቹን የምናገኛቸው በሁለተኛ እጅ ነው።

«ታዲያ ስልኬ አይበቃኝምን?» የሚል ይኖራል። በቀን ብርሃን ቅርብ ላለ ነገር ይበቃል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ሩቅ ያለውን ሲያቀርቡበት ግን ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ። ከዚህም በላይ ስልክ ባትሪው የሚያልቀው በሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን እንዳሳጣኝ ከላይ ተናግሬአለሁ። ካሜራ ግን ሥራው አንድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሥዕል ድረስ አንሥቶ ነው የሚደክም፤ አንድ መለዋወጫ ባትሪ በኪስ ከተያዘ ደግሞ መብራት ለሌለበት የመስክ ጉዞ ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉን በአንድ የያዘው ካሜራም ጉድለት አለው። በጨለማ ከሙሉ ልኩ ያንሳል። የሰውን ፊት አጥርቶ ከበስተኋላ ያለውን በማደብዘዝም እንደ ትልቁ አይሆንም። ሌንሱ ከተሰበረ ካሜራው በሙሉ ከሥራ ውጪ ይሆናል። በሜዳ ላይ ሌንስ ስለማይቀየርበት አቧራ በቀላሉ አይገባበትም፤ ከገባበት ግን ለመጥረግ አስቸጋሪ ነው። በተለይም ሌንሱ እየወጣ የሚገባው የኪሱ ዓይነት ነፋስ ባለበት አውድማ ላይ ባይከፈት ይሻላል። ፎቶ ቤት ያለው፥ በሠርግ እንጀራውን የሚበላ፥ ወይም ለጋዜጣ የኳስ ጨዋታ የሚያነሣ ሰው ትልቁን ይግዛ፤ ለእርሱ ሸክም ሳይሆን ሥራው ነው። የእኔ ምክር ለቀረነው ነው።

በሁለተኛ እጅ ለሚገዙ ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። ሌንሱን እስከ መጨረሻው አውጥተውና መልሰው ድምፁን ያዳምጡ፤ የሚያንገራግር ከሆነ ይተዉት። ቀዳዳውን አጥብበው፥ ይኸውም ኤፍ 8 ላይ አድርገው፥ ነጭ ግድግዳ ያንሡና ሥዕሉን አተልቀው ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ባትሪው ማበጡን፥ ባትሪ መሙያው መኖሩን፥ በአካሉ ላይ ያለው ቁጥር አለመፋቁን ይዩ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚያስመጣም ቢሆን ስለ ቀረጡ አስቀድሞ ጉምሩክን መጠየቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል። ከሁሉ በፊት ግን ካሜራውን በትከሻዎ አንጠልጥለው ከሱቁ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ደርሰው ለመመለስ ሻጩን ያስፈቅዱ። ዓይን የወደደውን ትከሻ ካልወደደው ዕቃው ከቁም ሣጥን ራስ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ይህ ጉዳይ ለቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር እንወጣለን። የተጀመረው የምንጭ ግንባታ፥ የተሰነጠቀው የድልድይ ግንብ፥ በጎርፍ የተበላው መንገድ ከሪፖርታችን ጋራ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ቢያያዝለት ሦስት ገጽ ጽሑፍ የማያስረዳውን ባንድ ጊዜ ያስረዳል። ትልቅ ቦርሳ ይዞ የሚወጣ ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው። ስናነሣም በጨዋነት ይሁን፤ ሰውን ሳናስፈቅድ አናንሣ፤ የተከለከለ ሥፍራ አንሞክር፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አናብራ። ያነሣነውንም በካርዱ ውስጥ ቀብረን አንተወው። በሁለት ቦታ ይቀመጥ፥ ቀኑና የሰዎቹ ስም ይጻፍበት፥ የተወደደውም በወረቀት ይታተም።

እኔ በ2011 ዓ.ም. ያንን ቦርሳ ከነሙሉ ዕቃው ሠርግ ለሚያነሣ ጎረቤቴ ሸጥሁለት፤ እርሱም እስከ ዛሬ እየሠራበት ልጆቹን ያሳድግበታል። በገንዘቡ በሁለተኛ እጅ 831 ግራሟን ገዛሁ፤ ትርፉ ለመንገድ ሆነኝ። በዚያው ዓመት ወደ መንዝ ስወጣ አንጠልጥያት ሄድሁ፥ ዳገቱም አልከበደኝም። እናቴን ቡና ሲያፈሉ፥ የአባቴን በሬዎች ከአውድማው ላይ፥ ጎረቤቶቹንም ሁሉ አነሣሁ። ለየአንዳንዳቸው አሳትሜ ብልክላቸው አንድ ሽማግሌ «ለአርባዬ የሚሆን አገኘሁ» ብለው እንደ ሣቁ ነገሩኝ። እኔ ግን አልሣቅሁም። በሬዎቹ አሉ፥ አውድማው አለ፥ ከመካከሉ አንድ ሰው ይጎድላል።

መዝገብ ቤት ያለችው እኅታችንም ከኪስ የምትገባውን ገዛች። ባለፈው ሰንበት እናቷን በቤታቸው ደጃፍ ሆነው ጎመን ሲቀነጥሱ እንዳነሣቻቸው አሳየችኝ። ምንም የተለየ ጥበብ የለበትም፤ ግን ማኅተም የለበትም።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ እቁብ ሲደርሳችሁ ስለ ካሜራው ትልቅነት ሳይሆን፥ በመጪው ቅዳሜ ከቤት ይዛችሁት ስለ መውጣታችሁ ጠይቁ። ወላጆቻችሁም «አንሡን» ባሏችሁ ቀን «ለሚመጣው ዓመት» አትበሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋራ፥
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአራት ኪሎ